ከስርዓተ ክወና ዝማኔ በኋላ ዳታቤዝ ሰርቨር አላስገባ ሲል፦ አምስቱን መፍትሔዎች ማመዛዘን

የስርዓተ ክወናው ዝማኔ ተጭኖ፣ ማሽኑ ዳግም ተነሥቶ፣ የዳታቤዙ አገልግሎትም በሥራ ላይ መሆኑ እየታየ፣ ትናንት ያለ ችግር ይገባ የነበረው ፕሮግራም ዛሬ «መግባት አልተቻለም» ከሚል መልስ በቀር ምንም አያገኝም። በዚህ ሰዓት የሰርቨሩ ኃላፊ ፊት አምስት መንገዶች አሉ፦ ዝማኔውን ነቅሎ ወደ ነበረበት መመለስ፣ የጠበቀውን የደኅንነት ቅንብር ማላላት፣ ድራይቨሩን (ፕሮግራሙን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘውን ክፍል) እና የክላየንቱን (ወደ ዳታቤዙ የሚገባውን) ፕሮግራም ወደ አዲሱ ደረጃ ማሳደግ፣ በአደጋ ጊዜ በር ገብቶ የተጠቃሚውን መለያ ማስተካከል፣ ወይም ይህን ማሽን ትቶ ሥራውን በሌላ ሰርቨር ማስቀጠል። ሰው ሲጨነቅ ከእነዚህ መካከል የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ የለመደውን ነው፤ የይለፍ ቃል መቀየር የለመደ የይለፍ ቃል ይቀይራል፣ ዝማኔ መንቀል የለመደ ይነቅላል። ምርጫው መወሰን ያለበት ግን ሁለት ነገሮችን በማወቅ ነው፤ ለውጡን ያመጣው ዝማኔው ራሱ ነው ወይስ እሱን ተከትሎ የመጣው ዳግም መነሣት የሚለውን፣ እንዲሁም መግቢያው በየትኛው ደረጃ ላይ እንደተቋረጠ።

ዝማኔው ነው ወይስ ዳግም መነሣቱ?

ለወራት ሳይጠፋ የቆየ ሰርቨር በማስታወሻው (በራም) ውስጥ ብቻ የሚኖሩ፣ በፋይል ያልተጻፉ ብዙ ቅንብሮችን ያከማቻል። ፋየርዎልዲ በተባለው የሊኑክስ የኔትወርክ አጥር ላይ ቋሚ ተብሎ ሳይመዘገብ የተከፈተ ፖርት (የግንኙነት በር ቁጥር) ማሽኑ ሲነሣ ይዘጋል። ማይኤስኪውኤል በተባለው ዳታቤዝ ውስጥ በ«ሴት ግሎባል» ትእዛዝ የተቀየረ እሴት አገልግሎቱ ሲነሣ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ ከ8.0 ጀምሮ ያለው «ሴት ፐርሲስት» ግን ይቆያል። ለሙከራ ተብሎ ወደ ፈቃጅ ሁኔታ የተዛወረ ኤስኢሊኑክስ (የሊኑክስ የደኅንነት ጠባቂ) ተመልሶ ከልካይ ይሆናል። ስም የተሰጠውና ተለዋዋጭ ፖርት የሚጠቀም የኤስኪውኤል ሰርቨር (የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ) ኢንስታንስ፣ ማለትም በማሽኑ ላይ ለብቻው የሚሠራ ቅጂ፣ የቀድሞ ፖርቱ ተይዞ ካገኘው በሌላ ፖርት ሊነሣ ይችላል። አገልግሎቱ የሚሠራበት የዊንዶውስ መለያ የይለፍ ቃሉ ከወራት በፊት ተቀይሮ ከሆነ ደግሞ፣ እስከዛሬ የሠራው ከለውጡ በፊት ስለተነሣ ብቻ ነው፤ አሁን አይነሣም።

ከሁሉም ይበልጥ ሰውን የሚያሳስተው የማይኤስኪውኤል ጉዳይ ስለሆነ ጥቂት ሊብራራ ይገባዋል። ከ8.0 ጀምሮ በነባሪ የሚሠራበት «ካሺንግ ሻ2 ፓስወርድ» የተባለው የማረጋገጫ ዘዴ፣ አንድ መለያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ወይ በምስጠራ የተጠበቀ ግንኙነት ወይም የሰርቨሩን የአርኤስኤ ይፋዊ ቁልፍ ይጠይቃል፤ አንዴ ከተረጋገጠ በኋላ ግን ውጤቱን በማስታወሻ ካሽ (ጊዜያዊ ማከማቻ) ይይዝና ቀጣዮቹን መግቢያዎች ያለ ምስጠራም በአጭሩ ያስተናግዳል። ካሹ ሰርቨሩ ሲዘጋ ይጠፋል። ስለዚህ ያለ ምስጠራ የሚገናኝና ይፋዊ ቁልፉን እንዲጠይቅ ያልተፈቀደለት የጃቫ ፕሮግራም ለወራት ሲሠራ ቆይቶ፣ ዝማኔው ባስከተለው ዳግም መነሣት ማግስት ይፋዊ ቁልፍ ማምጣት አልተፈቀደም የሚል ስህተት ያሳያል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ኃላፊው ለማጣራት በዚያው መለያ ከሰርቨሩ ላይ በተጠበቀ ግንኙነት ሲገባ ካሹ መሞላቱና ፕሮግራሙ በድንገት መሥራት መጀመሩ ነው። ኃላፊው በዚያ ሰዓት ይነካካው የነበረውን ማንኛውንም ነገር መድኃኒት አድርጎ ይመዘግበዋል፤ በሚቀጥለው ወር ዝማኔ ያው ችግር ይመለሳል። ትክክለኛው መፍትሔ በፕሮግራሙ የግንኙነት ቅንብር ላይ ምስጠራን ማብራት ነው።

ችግሩ ከዳግም መነሣት የመጣ ከሆነ ዝማኔውን መንቀል ምንም አይጠቅምም፤ ለመንቀልም ማሽኑ እንደገና መነሣት ሊኖርበት ይችላል። በመሆኑም ይህ ጥያቄ ከአምስቱ መንገዶች የመጀመሪያውን ብዙ ጊዜ ገና ሳይሞከር ከምርጫው ያስወጣዋል።

በሩ የት ላይ ተዘጋ?

አንድ መግቢያ በቅደም ተከተል አራት በሮችን ያልፋል፦ የኔትወርኩን፣ የምስጠራ ስምምነቱን፣ የማንነት ማረጋገጫውንና በመጨረሻም የፈቃዱን በር። ለክላየንቱ የሚላከው መልእክት ለሰርጎ ገብ ፍንጭ እንዳይሆን ሆን ተብሎ የደበዘዘ ስለሆነ፣ መነበብ ያለበት በሰርቨሩ በኩል ያለው ሎግ (የክንውን መዝገብ) ነው። የኤስኪውኤል ሰርቨር ስህተት 18456 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ክላየንቱ የሚያየው ስቴት (የምክንያት ቁጥር) 1 የሚለውን ብቻ ሲሆን በሰርቨሩ የስህተት ሎግ ውስጥ ግን እውነተኛው ቁጥር ተጽፎ ይገኛል፤ 5 ከሆነ በዚያ ስም የተመዘገበ የለም፣ 8 ከሆነ የይለፍ ቃሉ አልገጠመም፣ 18 ከሆነ የይለፍ ቃሉ መቀየር አለበት፣ 38 ከሆነ የተጠየቀው ዳታቤዝ ሊከፈት አልቻለም፣ 58 ከሆነ ደግሞ ሰርቨሩ የዊንዶውስ ማረጋገጫን ብቻ እንዲቀበል ተደርጎ ሳለ በኤስኪውኤል መለያ ለመግባት ተሞክሯል። ከእነዚህ ሁሉ የይለፍ ቃል በመቀየር የሚድኑት 8 እና 18 ብቻ ናቸው።

በማይኤስኪውኤል 2002 እና 2003 ጥያቄው ሰርቨሩ ዘንድ እንዳልደረሰ፣ 2059 ክላየንቱ የማረጋገጫ ፕለጊኑን (ተጨማሪ ክፍሉን) መጫን እንዳልቻለ፣ 1045 ደግሞ ደርሶ እንደተከለከለ ይናገራሉ። ከ1045 ጋር የሚመጣው የይለፍ ቃል ተጠቅሟል ወይስ አልተጠቀመም የሚለው ጭራ ብዙ ጊዜ ሳይነበብ ይታለፋል፤ አልተጠቀመም ካለ ፕሮግራሙ ባዶ እጁን ነው የመጣው፣ ስለዚህ መታየት ያለበት ዝማኔው የፕሮግራሙን የቅንብር ፋይል በአዲስ ተክቶት እንደሆነ ነው። ኦራክል በተባለው ዳታቤዝ 12541 አድማጩ (ግንኙነቶችን የሚቀበለው አገልግሎት) እንደሌለ፣ 28040 የማረጋገጫ ፕሮቶኮሎቹ እንዳልተስማሙ፣ 1017 ስሙ ወይም የይለፍ ቃሉ ስህተት እንደሆነ፣ 28000 መለያው እንደተቆለፈ ያሳያል። ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ 28000 ሲታይ ግን መቆለፍን አያመለክትም፤ ብዙውን ጊዜ ለዚያ አድራሻና ተጠቃሚ የሚሆን መስመር ማን ከየት እንደሚገባ በሚወስነው በ«ፒጂ ኤችቢኤ» ፋይል ውስጥ አለመኖሩን ነው። የይለፍ ቃል ስህተት የራሱ የሆነ 28ፒ01 የሚል ኮድ አለው። ሎጉ የከሸፉ መግቢያዎችን እንዲመዘግብ ተደርጎ ሳለ ምንም ካልተጻፈ ዝምታውም ፍንጭ ነው፤ ጥያቄው ከኔትወርኩ በር አላለፈም ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሲጣራ ፕሮግራሙ ራሱን በራሱ ደጋግሞ እንዳይሞክር ማስቆም ያስፈልጋል። በኦራክል ነባሪ ፕሮፋይል 10 የከሸፉ ሙከራዎች መለያውን ይቆልፋሉ፤ ማይኤስኪውኤልም በነባሪ 100 ተከታታይ የተቋረጡ ግንኙነቶች ከአንድ አድራሻ ከመጡ አድራሻውን ያግዳል። ያን ጊዜ በአንዱ በሽታ ላይ ሌላ ይጨመርበታል።

ዝማኔውን መንቀል

ይህ መንገድ ጥፋቱ የዝማኔው መሆኑ በአምራቹ ሲረጋገጥ ወይም የተለወጠው ፋይል በግልጽ ሲታወቅ ተመራጭ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 8 ቀን 2022 የወጣው የዊንዶውስ ዝማኔ በዶሜይን ኮንትሮለሮች (የድርጅቱን የዊንዶውስ መለያዎች በሚያረጋግጡ ሰርቨሮች) ላይ ሲጫን ኬርቤሮስ የተባለውን የማንነት ማረጋገጫ ያስተጓጎለ ሲሆን ማይክሮሶፍት ከመደበኛ ጊዜው ውጭ ማስተካከያ ያወጣው በዚያው ወር በ17ኛው ቀን ነበር። የዳታቤዝ ኃላፊዎች ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት መንቀል ሲመረጥ የሚነቀልበት ማሽን ሌላ ሊሆን እንደሚችል ነው፤ ጥፋቱ በዶሜይን ኮንትሮለሩ ላይ ሳለ ከዳታቤዙ ማሽን ላይ ዝማኔ መንቀል ጊዜ ማባከን ይሆን ነበር።

ከስርዓተ ክወናው ጋር የዳታቤዙ ሶፍትዌር አብሮ ታድሶ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ማይኤስኪውኤል ከ8.0.16 ጀምሮ ገና ሲነሣ የውስጥ መዝገቦቹን ራሱ ያሳድጋል፤ በዚያው በ8.0 ቤተሰብ ውስጥ እንኳ ከአዲሱ እትም ወደ አሮጌው መውረድ የሚደገፍ አይደለም፣ ያለው መንገድ ከዝማኔው በፊት የተወሰደ ባክአፕ ብቻ ነው። ፖስትግሬስ በዚህ ረገድ የዋህ ነው፤ በአንድ ዋና እትም ውስጥ ያሉ ንዑስ እትሞች የዳታውን ቅርጽ አይለውጡም። ይሁን እንጂ መላው የሊኑክስ ስርጭት ከፍ ያለ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከሬድ ሃት 7 ወደ 8 ወይም ከዴቢያን 9 ወደ 10፣ ጂሊብሲ የተባለው የሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ በ2.28 እትሙ የፊደላትን ቅደም ተከተል ስለለወጠ የጽሑፍ ኢንዴክሶች (የፍለጋ ማውጫዎች) ዳግም መገንባት አለባቸው፤ ተመልሶ የሚወርድ ሰውም ያንኑ ሥራ በተቃራኒው ይደግመዋል።

በምናባዊ ማሽን ላይ ለሚሠራ ሰው ወደ ስናፕሾት (ከዝማኔው በፊት ወደተያዘው የማሽኑ ቅጂ) መመለስ ከሁሉ ፈጣን ነው፣ ዋጋው ግን እንደ ብልሽቱ ስፋት ይለያያል። ከዝማኔው ጀምሮ ማንም መግባት ካልቻለ የተጻፈ ዳታ የለምና የሚጠፋ ነገር እምብዛም አይኖርም። የታገደው አንድ ፕሮግራም ብቻ ሆኖ ሌሎቹ ሲጽፉ ከቆዩ ግን ስናፕሾቱ የእነርሱን ሥራ ይደመስሳል። ይህን ሳይጠይቁ ወደ ስናፕሾት መሮጥ አንዱን ለማዳን አሥሩን እንደ መጣል ነው።

ማላላት

የምስጠራው በር ላይ የሚቆሙ መግቢያዎች አብዛኞቹ ከአንድ ምንጭ ይመነጫሉ። ቲኤልኤስ ከተባለው የምስጠራ ፕሮቶኮል እትም 1.0 እ.ኤ.አ. በ1999፣ 1.1 ደግሞ በ2006 የወጡ ሲሆኑ ሁለቱም በመጋቢት 2021 በይፋ ከአገልግሎት ተሰናብተዋል። ሬድ ሃት 8 እና ኡቡንቱ 20.04 በነባሪ ቅንብራቸው አይቀበሏቸውም። አሮጌ ድራይቨር ያለው ፕሮግራም ሰርቨሩ ወደ እነዚህ ሲሸጋገር ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሳያቀርብ ግንኙነቱ ይቋረጥበታል፤ ብዙ ፕሮግራሞች ግን ይህንንም «መግባት አልተቻለም» ብለው ያሳያሉ።

ማላላት ከተመረጠ ከሁሉ ጠባቡ ቦታ ላይ መሆን አለበት። በሬድ ሃት የምስጠራ ፖሊሲውን «ሌጋሲ» ማድረግ መላውን ማሽን ያላላል፤ በፖስትግሬስ ግን ከ13 ጀምሮ በነባሪ 1.2 የሆነውን ዝቅተኛውን የቲኤልኤስ ደረጃ በዳታቤዙ ቅንብር ውስጥ ብቻ ዝቅ ለማድረግ መሞከር ይቻላል፣ የስርዓተ ክወናው ፖሊሲ እስከፈቀደ ድረስ። ከዚህም ሌላ ይህ መንገድ እያደር እየጠበበ መሄዱን ማወቅ ያሻል። በሬድ ሃት 9 «ሌጋሲ» ተብሎም 1.0 እና 1.1 አይፈቀዱም፤ ማይኤስኪውኤልም ከ8.0.28 ጀምሮ ሁለቱን ጨርሶ ስላስወገዳቸው ስርዓተ ክወናው ቢላላ እንኳ ዳታቤዙ አይቀበልም። ሁለቱም ወገኖች መፍቀዳቸው ሳይረጋገጥ ፖሊሲ ማላላት ያለ ጥቅም አደጋን መግዛት ነው።

በፖስትግሬስ «ትረስት» የሚለውን ዘዴ ለኔትወርክ አድራሻ መጻፍን በምንም ሁኔታ አልመክርም፤ ማንም ያለ ይለፍ ቃል ይገባል። የፒጂ ኤችቢኤ ፋይል ከላይ ወደ ታች ይነበባል፣ መጀመሪያ የገጠመው መስመር ይሠራል፣ እዚያ ከተከለከለ ወደ ቀጣዩ አይታለፍም። ስለዚህ ለአንድ ተጠቃሚና ለአንድ አድራሻ ብቻ የሚሆን መስመር ከሰፊዎቹ በላይ ማስገባት ይበቃል፤ ከታች የተጨመረ መስመር ግን ሊነበብም ላይደርስ ይችላል።

በኤስኪውኤል ሰርቨር በኩል የኦዲቢሲ ድራይቨር 18 ምስጠራን በነባሪ ግዴታ ስላደረገ፣ ሰርቨሩ ራሱ የፈረመው ሰርተፍኬት ካለው ግንኙነቱ ይወድቃል። የሰርቨሩን ሰርተፍኬት ሳያጣራ እንዲያምን ማዘዝ ችግሩን በአንድ መስመር ይፈታል፤ ዳታው ይመሰጠራል፣ ማን ዘንድ እንደሚደርስ ግን አይረጋገጥም። ለአንድ ቀን ይሁን፤ ከዚያ በኋላ የሚታመን ሰርተፍኬት መትከል ይገባል።

ኤስኢሊኑክስን ለጥቂት ደቂቃ ፈቃጅ ማድረግ እንደ ምርመራ ተገቢ ነው። ፕሮግራሙ በዚያ ጊዜ ከገባ ጥፋቱ ታወቀ፤ ወዲያው ወደ ከልካይነቱ ተመልሶ የጎደለው ፈቃድ ብቻ ይሰጣል፣ ለምሳሌ የድር ሰርቨሩ ከዳታቤዝ ጋር እንዲገናኝ የሚፈቅደው ማብሪያ።

ክላየንቱን ማሳደግ

በእኔ ሚዛን ጊዜ ላለው ሰው የተሻለው ይህ ነው፤ ጊዜ የሌለው ሰውም ማላላቱን የሚጠቀመው ይህን እስኪያደርስ ብቻ መሆን አለበት። የማይኤስኪውኤል ታሪክ ምክንያቱን ያሳያል። በ8.0 አሮጌ ክላየንት ያለበትን መለያ በተናጠል ወደ ቀድሞው «ኔቲቭ ፓስወርድ» መመለስ ይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 8.4 ይህ ፕለጊን በነባሪ ተዘጋ፣ በዚያው ዓመት በ9.0 ጨርሶ ተወገደ። እ.ኤ.አ. በ2018 ማላላትን መርጦ የተኛ ሰው ያን ዕዳ ከስድስት ዓመት በኋላ ይከፍላል።

በፖስትግሬስ ስክራም የተባለው ማረጋገጫ በ10 መጥቶ በ14 ነባሪ ሆኗል። ሊብፒኪው የተባለው የፖስትግሬስ መገናኛ ላይብረሪ ከ10 በታች የሆነበት ክላየንት በስክራም የተቀመጠ የይለፍ ቃል ባለው መለያ መግባት አይችልም፤ ላይብረሪው ይታደስ። የሚገርመው የተቃራኒው ሁኔታ ነው። ከአሮጌው ሰርቨር የተሻገሩ መለያዎች የይለፍ ቃላቸው በአሮጌው የኤምዲ5 ዘዴ እንደተቀመጠ ይቆያል፤ በፒጂ ኤችቢኤ ላይ «ኤምዲ5» ተብሎ ከተጻፈ ሁለቱም ዓይነት ይገባሉ፣ «ስክራም» ተብሎ ከተጻፈ ግን አሮጌዎቹ ትክክለኛ የይለፍ ቃል ይዘውም ይከለከላሉ። የይለፍ ቃል እንደገና መትከል በእውነት መድኃኒት ከሚሆንባቸው ጥቂት ጉዳዮች አንዱ ይህ ነው፤ ያንኑ ቃል መልሶ ማስገባትም ይበቃል።

የአደጋ ጊዜ በር

ይህ መንገድ የሚያገለግለው የማንነት ማረጋገጫው በር ላይ ለቆመ መግቢያ ብቻ ነው፤ በኔትወርክ ወይም በምስጠራ ለተቋረጠ ምንም አይፈይድም። በሮቹ እንደ ዳታቤዙ ዓይነት በአደጋቸው ይለያያሉ። በፖስትግሬስ ፖስትግሬስ የተባለው የስርዓተ ክወናው ተጠቃሚ ሆኖ በ«ፒር» ማረጋገጫ መግባት፣ በኦራክልም የዲቢኤ ቡድን አባል በሆነ የስርዓተ ክወና መለያ ከማሽኑ ላይ መግባት፣ አገልግሎቱን ሳያቋርጡ የሚደረጉ ናቸው። በኡቡንቱ ላይ የማይኤስኪውኤል ሩት (ዋናው የአስተዳዳሪ መለያ) በስህተት 1698 ሲከለከልም አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም፤ መለያው የሚረጋገጠው በስርዓተ ክወናው ማንነት ስለሆነ በሱዱ (በማሽኑ አስተዳዳሪ ሥልጣን) መግባት ይበቃል።

የማይኤስኪውኤልን የፈቃድ ሠንጠረዦች ዘልሎ ማስነሣት ግን የሚገባውን ሁሉ ያለ ይለፍ ቃል ያስገባል፤ 8.0 በዚህ ጊዜ የኔትወርክ ግንኙነትን አብሮ ስለሚዘጋ አደጋው ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። ሲነሣ አንድ ጊዜ ትእዛዝ እንዲያነብ የሚያደርገው የመነሻ ፋይል የተሻለ ምርጫ ነው፤ ፋይሉ የይለፍ ቃል ስለያዘ ወዲያው ይሰረዝ። ኤስኪውኤል ሰርቨር በነጠላ ተጠቃሚ ሁኔታ ሲነሣ የማሽኑ አስተዳዳሪ ሙሉ ሥልጣን አግኝቶ ይገባል፣ ነገር ግን ያለችው አንዲት ቦታ ናት፤ የታቀዱ ሥራዎችን የሚያስኬደው ኤጀንትና ፕሮግራሞቹ አስቀድመው ካልቆሙ እነርሱ ቀድመው ይይዟታል።

አንድን የይለፍ ቃል ስንት ፕሮግራሞች እንደሚጠቀሙበት ሳያጣሩ መቀየር አንድ የተዘጋ መግቢያን ወደ አምስት የሚያበዛ ስህተት ነው።

ወደ ሌላ ሰርቨር መሻገር

ሬፕሊካ (በሌላ ሰርቨር ላይ ያለ የዳታቤዙ ቅጂ) ካለና በዚያው ሌሊት ያንኑ ዝማኔ ካልወሰደ ይህ ከሁሉ ፈጣኑ መውጫ ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለው። በኤስኪውኤል ሰርቨር የመግቢያ ስሞች የሚቀመጡት በተጠቃሚው ዳታቤዝ ውስጥ ሳይሆን በሰርቨሩ ደረጃ ስለሆነ ከዳታው ጋር አብረው ላይሻገሩ ይችላሉ፤ በተመሳሳይ ስም ቢፈጠሩም የውስጥ መለያ ቁጥራቸው ካልገጠመ ተጠቃሚው ወላጅ አልባ ሆኖ ዳታቤዙን መክፈት ያቅተዋል። ከአንድ የመግቢያ ችግር ሸሽቶ ሌላ ላይ መውደቅ ይህ ነው።

በዴቢያንና በኡቡንቱ ደግሞ ሰው ሳያስበው የሚሻገርበት ሁኔታ አለ። ስርጭቱ ሲታደስ አዲሱ የፖስትግሬስ ዋና እትም ከአሮጌው ጎን ሊጫን ይችላል፤ አሮጌው 5432 ላይ ከሆነ አዲሱ ባዶ ክላስተር (የዳታቤዞች ስብስብ) ብዙውን ጊዜ 5433ን ይይዛል። ተጠቃሚው የለም የሚል ስህተት ያየ ሰው የይለፍ ቃል ከመንካቱ በፊት የክላስተሮቹን ዝርዝር የሚያሳየውን ትእዛዝ ይስጥ፤ ያንኳኳው የጎረቤቱን በር ሊሆን ይችላል።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ፣ ከመፍትሔው በኋላ የሚደረገው ፈተና ከሰርቨሩ ላይ በአስተዳዳሪ መለያ ሳይሆን ከፕሮግራሙ ማሽን፣ በፕሮግራሙ መለያና በራሱ ድራይቨር መሆን አለበት። ከሰርቨሩ ላይ የሚደረገው ሙከራ ብዙውን ጊዜ በሶኬት (በማሽኑ ውስጥ ብቻ ባለ መገናኛ) ስለሚያልፍ ኔትወርኩንም ምስጠራውንም አይፈትንም። የማሽኖቹ ሰዓትም ይታይ፤ ኬርቤሮስ በነባሪ ከ5 ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነት ካለ አይቀበልም። ይህ ሲያልፍ፣ የሥራው ጫና በሚቀንስበት ሰዓት ሰርቨሩን ሆን ብሎ አንድ ጊዜ ዳግም ማስነሣትና ያንኑ ፈተና ማንም በሌላ መንገድ ከመግባቱ በፊት መድገም ያስፈልጋል፤ በማስታወሻ ብቻ የተያዘው ማስተካከያ በፋይል ከተጻፈው የሚለየው በዚያን ጊዜ ነው።